አደብዝዘህ አትምልኝ

የካቲት 4 ቀን

ለልጄ ለአታሚው፣

እንዴት ነህ? ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ከረምክ ሳልልህ ዛሬ ድንገት ብድግ ብዬ እንዴት ነህ ማለቴ ለራሴም ያሳፍረኛል። ግን እንዴት ነህ? ሥራውስ? ጀርባህን ያምህ ነበር፣ ተሻለህ?

ለትእዛዜ የላክልኝ መልስ ደርሶኛል። «ከልጅዎ ስዕሎች አራቱ ታትመው የተዘጋጁ አሉኝ፤ የግድ አምስተኛዋን ለምን ፈለጉ? ደግሞስ በዋናዋ ልክ፣ አንድ ጣት ሳይጎድል ለምን? ዋናዋ እኮ ከራስዎ ሳሎን ተሰቅላለች» ብለህ ጠይቀኸኛል።

አልተሰቀለችም። የለችም። ይኸው ነገርኩህ።

ባለቤቴ መምህሩ ሆስፒታል ከገባ ወር አልፎታል። ልቡን ቀደውት ሰፍተውታል፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ልብስ ስሰፋ የኖርኩት ሴትዮ የእሱን ስፌት ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ተርፏል። መጋቢት ሃያ ላይ ይወጣል ሲሉኝ ደስታው አሳበደኝና ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ልጠበው ብዬ ተነሳሁ። መጋረጃው ታጠበ፣ ወንበሩ ታጠበ፣ ከዚያ ዓይኔ ስዕሉ ላይ አረፈ። አቧራ ለብሷል። መስታወት እንደሌለው ታስታውስ ይሆናል፤ አይ፣ አንተ ስታየው ነበረው። መስታወቱን ከጥቂት ዓመት በፊት መምህሩ ራሱ ነው ያወለቀው፣ «መስኮቱ እያንጸባረቀ አላሳይ አለኝ» ብሎ።

በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። በእርጥብ ጨርቅ፣ ልጄ! ጥቁሩ ለቀቀ። ደንግጬ ልመልሰው ይመስል ደጋግሜ ጠረግሁት፤ ይባስ ብሎ ቀዩም ቢጫውም ላይ ተለቀለቀ፣ ሁሉም አመድ የተደፋበት መሰለ።

ያቺ ስዕል የልጄ የመጨረሻ ሥራ መሆኗን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። መምህሩ አርባ ዓመት ልጆችን የእጅ ጽሕፈት ያስተማረባቸውን ጭረቶች ሰባብራ፣ አሳድጋ፣ አዟዙራ የሠራችው። ፊደል ይመስላል፣ ፊደል ግን አይደለም። «ምን ይላል?» ስላት «ምንም አይልም እማ፣ የአባዬ እጅ ነው» ትለኝ ነበር። ከሄደች ወዲህ መምህሩ ጠዋት ጠዋት እሱ ፊት ሳይቀመጥ ሻዩን አይጠጣም። አሁንም አልጋው ላይ ሆኖ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ልጄ ደህና ናት?» ብሎ ነው፤ ስዕሏን ማለቱ ነው። «ደህና ናት» እለዋለሁ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኘው አደራ ብሎኛል። ከበሩ ገብቶ ባዶ ግድግዳ ካየ እኔ እጄን ታጥቤ ገደልኩት ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቅጂ ሽጥልኝ። ዋጋውን ጻፍልኝ፣ በነጻ ካልከኝ አልቀበልህም። አትደውል፤ ያለን ስልክ አንድ ነው፣ እሱም መምህሩ ትራስ ሥር ነው ያለው። በስፌት ቤቴ አድራሻ ጻፍልኝ፣ ቶሎ።

እናትህ ልሆን የነበርኩት


የካቲት 9 ቀን

ለተከበሩ እናቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ጀርባዬን ስላስታወሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንደነበረ ነው፣ እኔም ለምጄዋለሁ። የመምህርን መታመም ሳነብ ደብዳቤውን አስቀምጬ ወጥቼ ዞር ዞር ብዬ ነው የተመለስኩት።

የጠየቁኝን በቅደም ተከተል ልመልስ። ፎቶው አለኝ። ስዕሉን ጨርሳ ወደ እናንተ ከማምጣቷ በፊት፣ በዚያው ሳምንት፣ እኔው ነኝ በማሽን ያነሳሁት፤ የወረቀቱ ክር ሁሉ እስኪታይ ድረስ ጥርት ያለ ነው። በዋናው ልክ ማተም እችላለሁ። ወረቀቱ ከጥጥ የተሠራ ነው፣ ቀለሙም ተራ የማተሚያ ቀለም አይደለም። መቶ ዓመት ብርሃን ላይ ቢውል አይለቅም፣ አይደበዝዝም። ለሙዚየም የምንሠራው እንደዚሁ ነው። ዋጋውን በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ በነጻ አላልኩም፣ ለጓደኛ በምሸጥበት ዋጋ ነው።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። እሷ የምትሠራበት ጥቁር ቀለም አንዴ ከደረቀ ውሃ አይነካውም። አብረን ነበር የምንገዛው፤ እጄ ላይ ሲፈስ ቆዳዬ እስኪላጥ ፈትጌ አይለቅም ነበር። ምን ነክቶት እንደለቀቀ ሊገባኝ አልቻለም። ሳሙናው ኃይለኛ ነበር? የተበላሸውን ስዕል በምንም ዓይነት እንዳይጥሉት እለምንዎታለሁ። በሁለት ካርቶን መሐል አድርገው ይላኩልኝ፣ ልየው።

ቀብሯ ላይ ለምን እንደጠፋሁ አልጠየቁኝም፤ አለመጠየቅዎ ከመጠየቅ ይብሳል። እሱን አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ፤ ዛሬ አልችልም።

አክባሪዎ፣ አታሚው


የካቲት 13 ቀን

ልጄ፣

ላኪልኝ ያልከኝን ልልክልህ አልችልም። ቀዳድጄዋለሁ።

አትቆጣኝ፣ አስረዳሃለሁ። ያን ዕለት ወለል ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ጎረቤቴ ኮቴዋ ተሰማኝ፤ ያቺ ጸጉር ሠሪዋ። ደግ ናት፣ ግን ምላሷ ከመቀሷ ይፈጥናል። በሁለት ቀን አንዴ መምህሩን ልትጠይቅ ሆስፒታል ትሄዳለች። ካየችው በማግስቱ ሰምቷል ማለት ነው። በአራት ቀደድኩት፣ አጣጥፌ ከቁርጥራጭ ጨርቄ ጋር ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። በበነጋው ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና መጣ፣ በገዛ እጄ አቀበልኩት። መኪናው ሲሄድ ልጄን ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ሰው እንኳ አላጀበኝም።

ቀለሙ ውሃ አይነካውም ትለኛለህ። ዓይኔ እያየ ነው የሄደው! ጨርቁ ጠቆረ፣ ባልዲው ጠቆረ፣ ጥፍሬ ሥር እስከ ሦስተኛው ቀን ጥቁር ነበር። መምህሩ እጄን ይዞ «ምን ነክተሽ ነው?» ሲለኝ «ምድጃ አጸዳሁ» አልኩት። ሳሙና አልነበረውም፤ ውሃ ብቻ ነው። ምናልባት ያን ጊዜ ሌላ ቀለም ገዝታ ይሆናል። አንተ ሁሉን ነገሯን ታውቅ ነበር እንዴ?

ይህን የመጨረሻውን ሰርዤ ነበር፣ ሌላ ወረቀት ግን የለኝም። ይቅር በለኝ። ነገር ሲጠብብኝ ክፉ እሆናለሁ።

ገንዘቡን ልኬያለሁ። እባክህ ፍጠን።

እናትህ


የካቲት 21 ቀን

ለተከበሩ እናቴ፣

ስዕሉን ዛሬ ጠዋት ከጭነት ቤት ልኬዋለሁ፣ በወፍራም ቱቦ ተጠቅልሏል። ሲያወጡት እጅዎን ታጥበውና አድርቀው ዳርና ዳሩን ብቻ ይያዙ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ንጹህ ጨርቅ አልብሰው አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ከዚያ ፍሬም ሠሪው ይረከበው። በእርጥብ ነገር እንዳይጠርጉት ብዬ ጽፌ ነበር፤ አሁን ሳነበው አፈርኩና ሰረዝኩት።

እውነት ነው፣ ሁሉን ነገሯን አላውቅም ነበር። አልተቀየምኩም።

አታሚው


የካቲት 27 ቀን

ልጄ፣

ደረሰ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ነው የከፈትኩት።

ዘርግቼ አየሁት። ያን ቀን በክንዷ ይዛው፣ በሩን በክርኗ ገፍታ፣ «ልብሴን እንዳትነኩ፣ ቀለም ነኝ» እያለች ስትገባ ልክ እንዲህ ነበር። ያ ቀይ! ያን ቀይ ረስቼው ነበር። ተቀምጬ እንደ ሕጻን አለቀስኩ። እጅህ ይባረክ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው አማቼ ሳይሆን በመቅረቱ ደግሞ ለብቻው አለቀስኩ።

አሁን ጉዴን ስማ። አይሆንም።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስድስት ዓመት የተንጠለጠለ ነገር ነው። ፀሐይ ከቁርስ እስከ ምሳ ታርፍበት ነበር። ቀዩ ሄዶ ያረጀ ጡብ መስሎ ነበር፣ ቢጫውም እህል ውሃ የማይል ነገር ሆኖ ነበር። በየቀኑ ስለማየው መደብዘዙን ልብ አላልኩትም፤ ያንተን ቅጂ ከቦታው ላይ ይዤ ሳቆመው ነው ያየሁት። ግድግዳው አርጅቷል፣ ወንበሮቹ አርጅተዋል፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ እሷ ብቻ ዛሬ የተሞሸረች መስላ መሐል ላይ ጉብ አለች። መምህሩ የታመመው ልቡን ነው እንጂ ዓይኑን አይደለም። ከደጃፉ ሳያልፍ ያውቃል።

ስለዚህ አደብዝዘህ አትምልኝ። እንደ አረጀ አድርገው። ማሽኑ ይችላል አይደል? የሁለተኛውንም ዋጋ እከፍላለሁ።

እናትህ


መጋቢት 2 ቀን

ለተከበሩ እናቴ፣

የጻፉልኝን አራት ጊዜ አነበብኩት። ማሽኑ ይችላል። የማልችለው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደማስረዳዎት አላውቅም። እኔ ከእሷ የቀረኝ ነገር አምስት ፋይል ነው። የምኖርበት ክፍል አንድ ናት፤ ማሽኑ አልጋዬን ወደ ጥግ ገፍቶ ቆሟል። ሌሊት ቀን ሳልል ይህን ሥራ የተማርኩት እሷ የቀባችው ቀይ እሷ የቀባችው ቀይ ሆኖ እንዲቀር ነው። ሰው ሁሉ ከእኔ የሚገዛው እንዳይደበዝዝ ብሎ ነው። አሁን በገዛ እጄ አሳምሜ፣ አስረጅቼ ልግደላት? እሷ እንዲህ አድርጋ አልሠራችውም።

ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለምን እውነቱን አይነግሯቸውም? መምህር አስተዋይ ሰው ናቸው። ስዕሉ በአጋጣሚ ተበላሸ፣ ይኸው ቅጂው ቢሏቸው ይረዱዎታል።

አታሚው


መጋቢት 6 ቀን

አንተ ልጅ፣

እውነቱን ንገሪው ትለኛለህ። መጥተህ ንገረዋ! ስድስት ደረጃ ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል። ትናንት ነርሷ ኪኒን ዘርግታለት «ተይው፣ ምን ያደርግልኛል» አላት። ከዚያ እኔን ሲያይ «ልጄ ደህና ናት?» አለ፣ «ደህና ናት፣ እየጠበቀችህ ነው» ስለው ኪኒኑን ዋጠ። በዚህ ነው የሚኖረው። እኔ እንኳ አይደለሁም የማኖረው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሴት። እሷ ናት። ቅናት ይሁን ሐዘን እኔንም አልለየልኝም።

እሷን ማሳመም አልፈልግም ትላለህ። እሷ ሞታለች። አንተም እኔም የምንፈራው አንድ ነው፣ ግን እሷ ሞታለች፣ እሱ ገና አልሞተም። አፈር ስሆንልህ! ከፈለግክ ካተምከው በኋላ የደበዘዘውን ፋይል አጥፋው፣ ደብዝዛ የታየችበትን ወረቀት መምህሩ ሲያልፍ አብሬ እቀብረዋለሁ፣ ማንም አያየውም። ብቻ አሁን ስጠኝ።

ጊዜውም አጠረ። አልጋ ስለተፈለገ መጋቢት አሥራ ስድስት ላይ ይወጣል ብለውኛል።

ቀለሙን በቃል እንዴት ብዬ ልንገርህ? እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። ከዚህ ጋር ሰባት ቁራጭ ሰፍቼልሃለሁ፣ ቁጥርም አለባቸው። አንደኛው ቀዩ ነው፤ ከአሮጌ የትራስ ልብስ የቆረጥኩት፣ ደጋግሞ የታጠበ። ሁለተኛው ቢጫው ነው፣ የሸሚዝ ገበር። ሦስተኛው በታች በኩል ያለው ሰማያዊ፤ እሱ ብዙም አልለቀቀም። ሌሎቹን ራስህ ታያቸዋለህ። ሳጥኔን ሁሉ ገልብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እያስታወስኩ ነው የመረጥኳቸው።

ጥቁሩ ግን ተቃራኒ ነው። እሱ ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ነው የመጣው። በተለይ ከላይ በስተቀኝ ያለው ትልቁ ጭረት መጀመሪያ መሐሉ ላይ ሳሳ ያለ፣ ወንፊት የመሰለ ነበር፤ ኋላ ግን ጥግብ አለ። ጥቁር ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል አይደል? አንተ ታውቀዋለህ።

እናትህ


መጋቢት 11 ቀን

ለተከበሩ እናቴ፣

ልኬዋለሁ። በነገው አውቶቡስ ይደርሳል፣ የሹፌሩን ስም ከላይ ጽፌያለሁ።

ዘጠኝ ጊዜ አተምኩ። ጨርቆችዎን መስኮቱ ላይ በተርታ ለጥፌ፣ ወረቀቱን እያስጠጋሁ እያራቅሁ። ስምንቱን ቀደድኳቸው። ዘጠነኛውን ከትራሱ ልብስ ጎን ሳደርገው የትኛው ጨርቅ የትኛው ወረቀት እንደሆነ ለራሴም ጠፋኝ። የተናገርኩትን ሁሉ ይርሱልኝ። የሰው ሕይወት ከቀለም እንደሚበልጥ ለማወቅ መለመን አልነበረብዎትም።

በጥቁሩ ግን ልክ አልሆንኩልዎትም፣ መደበቅም አልፈልግም። ጥቁር ሲያረጅ አይጠቁርም፤ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ያ ትልቅ ጭረት መሐሉ ላይ የሳሳው ብሩሿ ቀለም ሲጨርስ ሆን ብላ ሳትነክር ስለጎተተችው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያን አንድ ጭረት ስትለማመድ አይቻታለሁ። ክፍተቱን ልድፈን ብዬ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። እንደነበረ ትቼዋለሁ። መምህር አያስተውሉትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከጀርባው ማኅተሜንም ፊርማዬንም አላደረግኩም። ይህ ከሥራዬ ሁሉ ያልፈረምኩበት የመጀመሪያው ነው።

አታሚው


መጋቢት 19 ቀን

ልጄ፣

መጥቷል። ሦስት ቀኑ ነው።

ፍሬም ሠሪው አሮጌውን ፍሬም አስገባበት፤ ሰቅዬው ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው እኔ ራሴ ተታለልኩ። ለአንድ አፍታ ያ ሁሉ ነገር ያልሆነ መሰለኝ። ተባረክ፣ ተባረክ።

መምህሩ በእኔና በጸጉር ሠሪዋ ተደግፎ ገባ። ከደጃፉ ላይ ቆሞ አየው። ልቤ ከእሱ ልብ ብሶ ሊፈነዳ ደረሰ። ወንበሩን አስጠጊልኝ አለ። መነጽሬን ስጪኝ አለ። ሻይ ቀረበለት፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ «ደህና ናት» አለ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ደስ ሊለኝ ይገባል፣ አይደል? ግን ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት ስገባ ተነስቶ ስዕሉ ላይ አፍንጫውን ሊያስነካ ደርሶ ያየዋል፤ ስመለስ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ትናንት ጉንጩ ረጥቦ ነበር። «ምነው?» ስለው «መድኃኒቱ ነው» አለኝ። ምሳውን አልነካም።

ዛሬ ጠዋት ወረቀትና ብዕር ስጪኝ አለኝ፣ ሲጽፍ ዋለ። ለማን ነው ብል «ለአንድ የድሮ ተማሪ» አለኝ። አወቀ ይሆን? አላወቀም በለኝ እባክህ።

እናትህ


መጋቢት 24 ቀን

ለአታሚው፣

በመጀመሪያ ለጽሕፈቴ ይቅርታ፤ እየጀመርኩ እየቀደድኩ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። አርባ ዓመት «መስመር ጠብቁ» እያለ ሲጮህ የኖረ መምህር መስመር ሲስት ማየት ለአንተ ሊያስቅህ ይችላል፤ ሳቅ፣ አልቆጣም። ይህን እንደጻፍኩልህ ባለቤቴ አታውቅም። ፖስታ ቤት የምታስገባልኝ ጸጉር ሠሪዋ ናት፣ ከነአፏ።

ቀብር ላይ ጠፋ ብለው ሰዎች ሲያሙህ እኔ ዝም ያልኩት ስላየሁህ ነው። ከአጥሩ ማዶ ቆመህ ነበር፣ ያ ቀለም የነካው ኮትህን ለብሰህ። ልጠራህ አስቤ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አፈርኩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ግድግዳዬ ላይ ያለው ያንተ እጅ ሥራ ነው። አትካድ። የልጄ ስዕል ፎቶ ያለው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ያወቅሁት በቀለሙ አይደለም፤ ቀለሙን አሳምረህ አስረጅተኸዋል፣ ሙያህን አደንቃለሁ። ያወቅሁት ጥፋቴ ስለጠፋ ነው።

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ልጄ ጭረቶቿን ከመሐል ሳታሳሳና ሳትበጣጥስ አታልፍም ነበር። ሠርታ ያመጣችው ቀን «ብሩሽሽን ሳትነክሪ ነው የጨረስሽው፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው» አልኳት። ሳቀችብኝ። ከሞተች በኋላ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ተቀምጬ ያንን ባዶ ቦታ ሳይ የሳሳችው እሷ መሰለችኝ፣ ቀን በቀን የምታልቅብኝ መሰለኝ። አንድ ቀን ባለቤቴ ስፌት ቤት ስትሄድ መስታወቱን አወለቅሁና የቀለም ብልቃጥ ከፍቼ ደፈንኩት። ትንሽ ቦታ ብቻ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጭረት። ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ ጥቁሩ ሁሉ የእኔ ሆኖ ቀረ፣ የተማሪ ደብተር እንደሚታረም። የሞተች ልጄን አረምኳት። ይህን ሳውቅ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ልቤ የታመመው ከዚያ ወዲህ ነው ብልህ ሐኪሙ ይስቅብኛል።

ከሆስፒታል ስመለስ ግን ክፍተቶቿ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ልጄን ስድስት ዓመት ካልሰማኋት በኋላ ስትተነፍስ ሰማኋት። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀስኩ። ምግብ የተውኩት ለዚያ ነው፣ አሁን እበላለሁ።

እንግዲህ ዋናው አንተ ጋ መሆኑ ገብቶኛል። ስዕሉ አንድ ነገር ደርሶበት ባለቤቴ እንድትጠግነው ልካልህ፣ እኔ እንዳልደነግጥ ይህን አሰቅላልኛለች። አልተቀየምኳትም፣ ብልህ ሴት ናት። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። እጠብልኝ። የእኔ ቀለም የትምህርት ቤት የብልቃጥ ቀለም ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ይለቃል። የእሷ ግን ውሃ አይፈራም። አንድ ጥግ ላይ በጣቴ ምራቅ ሞክሬዋለሁ፤ የእኔው ለቀቀ፣ የእሷ ከሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ለማጠብ ግን ድፍረት አጣሁ። ስትጀምረው ጥቁሩ ተዘርግቶ ሁሉንም ነገር ያበላሸ ይመስላል። አትደንግጥ። ንጹህ ውሃ ለውጥና ድገመው። ከሥር ትወጣለች።

ሲደርቅ ላክልኝ። ሳልሞት ልየው።

መምህሩ


መጋቢት 30 ቀን

ለተከበሩ እናቴ፣

«አወቀ ይሆን?» ላሉኝ፣ ለድሮ ተማሪ የተባለው ደብዳቤ የተጻፈው ለእኔ ነው።

ቅጂ መሆኑን አውቀዋል። አልተቆጡም፤ እንዲያውም እርስዎን ብልህ ሴት ብለዋል። ዋናው ለጥገና እኔ ጋ የተላከ መስሏቸዋል። እኔም አዎ፣ እኔ ጋ ነው፣ እየሠራሁበት ነው ብዬ መልሼላቸዋለሁ። ሌላ ምን ልል እንደምችል ሁለት ቀን አስቤ አጣሁ። ከጠየቁዎት እርስዎም እንደዚያው ይበሉ።

የጻፉልኝን ቃል በቃል እንዳይጠይቁኝ እለምንዎታለሁ። ስለ ጥቁሩ ቀለምም ከእንግዲህ አናንሳ። እርስዎ ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ይህን ዓረፍተ ነገር በክፉ ቀን እንዲያነቡት ደብዳቤውን ያስቀምጡልኝ።

የእርስዎ ልጅ


ሚያዝያ 8 ቀን

ልጄ፣

ራሱ ነገረኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ እጄን ይዞ «አንድ ነገር ልናዘዝልሽ» አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ብልቃጡን የት እንደሚደብቅ፣ እኔ ስፌት ቤት ስሄድ እንዴት እንደሚቸኩል፣ አንድ ቀን እጅጌው ላይ ፈሶበት ሸሚዙን ለእኔ ከመስጠት እንደጣለው። ያን ሸሚዝ ሳምንት ሙሉ ፈልጌዋለሁ። ከዚያ «ጥቁሩ ውሃ ሲወርድ ልጁ እንዳይደነግጥ አስጠንቅቄዋለሁ» አለኝ። «ንጹህ ውሃ ለውጥና ድገመው፣ ከሥር ትወጣለች ብዬዋለሁ» አለኝ።

እኔም «ጥሩ አድርገሃል» አልኩት። ብድግ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ፣ ውሃው እየጮኸ፣ ፎጣ ነክሼ ጮህኩ።

አንድ ባልዲ፣ ልጄ። አንድ ባልዲ ንጹህ ውሃ ነበር የቀረኝ። ከሥር ነበረች። እኔ ደንግጬ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እሷ እዚያው ከሥር ነበረች፣ አንድም ነገር ሳትሆን። በአራት ቀደድኳት። እየቀደድኩ ወረቀቱ ጠንክሮብኝ ነበር፤ በጉልበቴ ይዤ ነው የቀደድኩት። አንተ አውቀህ ነው «አናንሳ» ያልከኝ። ያስቀምጡልኝ ያልከውን ዓረፍተ ነገር አነበብኩት፤ ዛሬ አልጠቀመኝም፣ ምናልባት ሌላ ቀን።

ንገሪው አትበለኝ። ዛሬ ጠዋት ብቻውን ደረጃ ወረደ። ሁለት እንቁላል በላ፣ ዳቦ ጨምሪልኝ አለ። ሐኪሙ «ምን አድርገሽው ነው?» ብሎ ገርሞት ጠየቀኝ። ግድግዳውን በክር ለክቶ ምልክት አድርጓል፤ ያንተንና ዋናውን ጎን ለጎን ሊሰቅል ነው። ፖስተኛው ሲያልፍ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርሳል። ስንት ዓመት እንደዚህ ሆኖ አላየሁትም። እኔ ደግሞ እያየሁት ደስ ይለኛል፣ ደስ ሲለኝ ደግሞ ልሞት እደርሳለሁ።

ስለዚህ የመጨረሻ ትእዛዜን ስማ። ይህን እንኳ በገንዘብ አልገዛህም። ጻፍለት፣ በየሳምንቱ ጻፍለት። ዛሬ አንዱን ጭረት አጠብኩ በለው። እንዲህ ሆና ወጣች ብለህ አስረዳው፣ አንተ ስትሠራት አይተሃታል፣ ታውቀዋለህ። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ውሃውን ቶሎ አይለቅም በለው። ገና እርጥብ ነው በለው። እኔ ፊቱ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ።

ከእኔና ከእሱ አንዳችን እስክንሞት ድረስ አይድረቅ።

እናትህ